ሻምበል አበበ ቢቂላና የሩጫ ሕመም

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር በእግሩ የተጓዘ ሰው ማራቶን ምን ያህል እንደሚረዝም መምህር ሳያስፈልገው ያውቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋልና፣ ማለዳ በውርጭ ላይ እየረገጠ የወጣ መንገደኛ አንኮበር ሲደርስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ትቀርባለች። ማራቶን የሚባለው ሩጫ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህን መንገድ በሁለት ሰዓት ከሩብ ሮጦ የጨረሰው ሰው ከዚሁ አገር፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ ከማይርቅ መንደር መውጣቱን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ስሙም አበበ ቢቂላ ነው።

ስለ አበበ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ዛሬ የምንጨምረው አዲስ የድል ዜና የለንም። ነገር ግን ከጓደኞቻችን ጋራ ስለ እርሱ በተጨዋወትን ቁጥር አንድ ነገር ያሳስበናል። አብዛኛው ሰው አበበን የሚያስታውሰው እንደ ተአምር ነው። ከገጠር መጣ፣ ጫማ አልነበረውም፣ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ አሸነፈ፤ በቃ። እንዲህ ከሆነማ ከእርሱ የምንማረው ምንም የለም ማለት ነው፤ ተአምር አይጠናምና። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የዚህ ሰው ዕድሜ ከገዛ ሥጋው ሕመም ጋራ የተደረገ ረዥም ሙግት ሆኖ ይታየዋል፤ መጀመሪያ የእግር ቆዳ፣ ቀጥሎ ትርፍ አንጀት፣ ከዚያ የእግር ጉዳት፣ በመጨረሻም አከርካሪ። በዚህ ገጽ ታሪኩን በዚያ በኩል ልናየው አስበናል። ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ የአጋጣሚ ነገር ነውና ከዚህ በላይ አናስረዝመውም። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ገና ሕፃን ሳለ የጣልያን ጦር አገራችንን ስለ ወረረ ቤተ ሰቡ ቀዬውን ለቅቆ ለመሰደድ ተገደደ፤ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ እርሻውን ቀጠለ። ልጁም እንደ አገሩ ልጆች ቄስ ትምህርት ቤት ገባ፤ ገናም ተጫወተ። የከተማ ልጆች ገና በአንድ ሜዳ ውስጥ የሚያልቅ ጨዋታ ይመስላቸው ይሆናል፤ በገጠር ግን ሩሯን ተከትሎ ሜዳና ገደል ሳይለዩ ኪሎ ሜትር ሙሉ መሮጥ ያለ ነው። ያ አገር ደግሞ ደጋ ነው። የደብረ ብርሃን ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል የሰው ሳንባና ደም በጥቂት ኦክስጅን መሥራትን ከልጅነት ጀምሮ ይለማመዳሉ። ይህ ትልቅ ስንቅ መሆኑን አንክድም። ሆኖም በዚያ ደጋ ላይ የተወለደው ሁሉ አበበን አልሆነም።

ሃያ ዓመት ሲሆነው ገደማ አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በተራ ወታደርነት ተቀጠረ። በ1949 ዓ.ም. አገራችን በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ደርሰው የተመለሱት ስፖርተኞች በሰልፍ ሲያልፉ አይቶ ልቡ እንደ ተነሣሣ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ክብር ዘበኞችን ስፖርት የሚያስተምሩ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ የስዊድን ሰው ነበሩ። እኚህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጠውን ዝምተኛ ወታደር ካዩ በኋላ ችላ አላሉትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ስለ ልምምዱ እንናገር፤ የብዙ ሰው ስሕተት ከዚህ ይጀምራልና። ብርቱ ሯጭ ማለት ዘወትር እስኪወድቅ ድረስ የሚሮጥ ሰው የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም። በስዊድን አገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ሌላ ዘዴ ታውቆ ነበር፤ ይኸውም ጥቂት በፍጥነት መሮጥ፣ ከዚያ ዝግ ብሎ ትንፋሽን መሰብሰብ፣ እንደ ገና መፍጠን ነው። ረዥሙ ሩጫ ለብቻው ቀን አለው፤ ፈጣኑ ሩጫም እንዲሁ። ልብ በፍጥነቱ ጊዜ ትሠራለች፤ ጡንቻ ግን የሚታደሰው በዕረፍቱ ጊዜ ነው። ሰነፍ ሯጭ ፍጥነቱን ይዘላል፤ ችኩል ሯጭ ደግሞ ዕረፍቱን ይዘላል፤ በእኛ ግምት ችኩሉ ከሰነፉ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል።

በማራቶን ላይ ሥጋን የሚያሠቃየው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት ውስጥ ከእህል የተገኘ ስንቅ ያከማቻል፤ ይህ ስንቅ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እየተሟጠጠ ሲሄድ እግር እንደ ግንድ ይከብዳል፣ አእምሮም ተቀመጥ ተቀመጥ ይላል። ይህን ድካም ልምምድ ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ሯጩ ከእርሱ ጋራ መሮጥን መማር አለበት። ሌላው ሥቃይ ከቆዳ ይመጣል። ቆዳ በላብ ርሶ ከጫማ ጋራ ሲፋተግ ውኃ ይቋጥራል፤ የተቋጠረው ውኃ ሲፈርጥ አንድ እርምጃ ሺህ እርምጃ ይሆናል። ሦስተኛው ሥቃይ ግን ከሁለቱ የተለየ ነው፤ እርሱም የጅማት ወይም የአጥንት መጎዳት ነው። የመጀመሪያውን ይታገሡታል፣ ሁለተኛውን በብልሃት ያስወግዱታል፣ ሦስተኛውን ግን ካልሰሙት በኋላ ያስከፍላል። ሦስቱን መለየት ሲናገሩት ቀላል ነው፤ በ35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ግን ሦስቱም አንድ ሆነው ይሰሙታል።

እኛ ራሳችን ከዚህ ቀደም የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ልንሮጥ አስበን አዲስ ጫማ ገዛን፤ ጫማውንም ሳናለማምደው በመጀመሪያው ቀን 8 ኪሎ ሜትር ሮጥንበት። ተረከዛችን ተላጦ ሳምንቱን ሙሉ ወደ መሥሪያ ቤት በነጠላ ጫማ ስንሄድ የክፍሉ ባልደረቦች የሳቁብን ሳቅ እስከ ዛሬ አልወጣልንም። በዚያ ሳምንት ነበር የአበበን የሮም ታሪክ በአዲስ ዓይን ያነበብነው።

የሮም ነገር እንዲህ ነው። አበበ ከአገሩ ሳይወጣ በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገው ማጣሪያ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገደማ ሮጦ ነበር፤ ይህ በዚያ ከፍታ ላይ እጅግ ፈጣን ነው፤ የውጭ አገር ሰው ግን ብዙም ልብ አላለውም። ሮም ከደረሱ በኋላ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ ውኃም ቋጠረበት። እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነበር፤ ጫማውን ተጫምቶ ቁስሉን 42 ኪሎ ሜትር መሸከም፣ ወይም ጫማውን ማውለቅ። በአገሩ ሳለ በባዶ እግሩ መሮጥን የለመደ ስለ ነበረ የእግሩ ቆዳ ጠንክሯል። አሠልጣኙና ሯጩ ጫማው እንዲወልቅ ወሰኑ። ነገሩ ይኸው ነው። ድህነትን ለዓለም ለማሳየት የተደረገ አልነበረም፤ የተላጠን እግር ለማዳን የተወሰደ የሐኪም ውሳኔን የሚመስል ውሳኔ ነበር። ጋዜጠኞች ግን በመነሻው ላይ ባዶ እግሩን ሲያዩ ይህ ሰው ምን ሊያደርግ መጣ ማለታቸው አልቀረም።

ሩጫው የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በአገር ቤት ሕዝቡ እንቁጣጣሽን ሲጠባበቅ አበበ በሮም ጎዳና ላይ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ገደማ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ሲያልፉ ጨልሞ ወታደሮች በየመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። አበበ የ11 ቁጥር መለያ ለብሷል። እንዲጠነቀቅለት የተነገረው ራዲ ቤን አብደሰላም የሚባል የሞሮኮ ሯጭ ሲሆን ቁጥሩ 26 ነው ተብሎ ነበር። ሞሮኮአዊው ግን የለበሰው 185 ቁጥርን ነው። ስለዚህ አበበ ሌሊቱን 26 ቁጥርን እየፈለገ፣ የሚፈልገው ሰው አጠገቡ እንዳለ ሳያውቅ፣ ከግማሹ መንገድ ገደማ ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ አብሮት ሮጠ። ይህን ባነበብን ቁጥር ፈገግ ሳንል አናልፍም።

አሠልጣኙና ሯጩ መንገዱን አስቀድመው ተመልክተውት ነበር። ከመጨረሻው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ወስደው በሮም ያቆሙት ሐውልት ነበረ። ሐውልቱ ከዚያ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ገና ቆሟል፤ ያን ጊዜ ግን ገና በባዕድ አደባባይ ነበር። በዚያ ቦታ መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ዳገት ጠላት አይደለምና አበበ ፍጥነቱን የጨመረው እዚያ ላይ ነው። ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሆነ። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ዓመት በፊት ካስመዘገበው የዓለም ፈጣን ጊዜ በአንድ ሰከንድ ያህል ያነሰ ማለት ነው። ሞሮኮአዊው 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ደረሰ። አብሮት የሄደው አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆነ፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነናል።

ከድሉ በኋላ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ተሸለመ፤ የአስር አለቃነት ማዕረግም አገኘ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ አበበም ከሌሎች ጋራ ታስሮ ነበር፤ በነገሩ ውስጥ እንዳልነበረበት ስለ ታወቀ ተፈታ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺትሰ ሮጦ ሦስቱንም አሸነፈ።

በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን የሆነውን ግን መዝለል አንወድም። አበበና ማሞ ወልዴ ገና ከመነሻው ሁሉን ጥለው በክብረ ወሰን ፍጥነት ይሮጡ ነበር። ኋላ ግን ቀዝቃዛው ነፋስና የቦስተን ዳገት ጡንቻቸውን አኮማተረው፤ ከኋላ የነበሩት አንድ በአንድ አለፏቸው። አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነው ጨረሱ። አበበ ጀምሮ ከጨረሳቸው ማራቶኖች አንደኛ ያልወጣበት ይህ ብቻ ነው። ችኮላ ታላቅ ሯጭንም እንደሚያስከፍል የታየበት ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቶኪዮ የሮጠውን የተረጋጋ ሩጫ ያየ ሰው የቦስተን ትምህርት እንዳልጠፋ ይገባዋል።

ወደ ቶኪዮ ሊሄድ ሲዘጋጅ ሳለ በመስከረም 1957 ዓ.ም. መጀመሪያ አበበን የሆድ ሕመም ያዘው። ሐኪሞች መርምረው ትርፍ አንጀቱን በኦፕራሲዮን አወጡት። ሩጫው ስድስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ሆዱ የተቀደደ ሰው ሲስቅና ሲያስል እንኳ ስፌቱን በእጁ እንደሚይዝ ያየ ሁሉ ያውቃል። አበበ ግን ቁስሉ እስኪጠግግ ታግሦ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። በዚህ ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ድፍረቱን ነው፤ እኛ በበኩላችን የበለጠ የምናደንቀው ያለፉት ዓመታት ልምምድ ነው። አምስት ሳምንት ዕረፍት የዓመታትን ሥራ አያፈርስም፤ ሥራው አስቀድሞ ከተሠራ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ ሮጠ። ባዶ እግር ለእርሱ ሃይማኖት እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ የሚስማማ ጫማ ሲያገኝ ተጫማ። ከግማሽ መንገድ በፊት ተለይቶ ወጥቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፤ ይህም እንደ ገና የዓለም ፈጣን ጊዜ ሆነ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ነው። እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። በዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ አበበ በሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሣ፣ ወገቡን እያጠፈ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሰማንያ ሺህ ያህል ተመልካች በመገረም ያየው ነበር። ብዙዎች ይህን እንደ ትዕቢት ቆጥረውታል፤ ነገር ግን የጋለ ጡንቻ በድንገት ሲቆም እንደሚኮማተር የተማረ ሯጭ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አገሩ ሲገባ የመቶ አለቃነት ማዕረግና ነጭ ቮልስዋገን መኪና ተሰጠው። መኪናዋን አንባቢው ያስታውሳት፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ከዚያ በኋላ በ1958ና በ1959 ዓ.ም. በስፔንና በኮሪያ ሌሎች ድሎች አገኘ፤ ሰውነቱ ግን መናገር ጀምሮ ነበር። በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ እግሩ ተጎዳ። ወደ ሜክሲኮ የሄደው ጉዳቱ ሳይድን ነው። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ዓለም ሁሉ ድሉን ለደጋ አገር ሯጮች አስቀድሞ ሰጥቶ ነበር፤ አበበም ሦስተኛውን ወርቅ ይወስዳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ አቁሞ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጠለ፤ ከተከታዩ ጃፓናዊ በሦስት ደቂቃ ቀድሞም አሸነፈ።

ስለ ሜክሲኮ በተነሣ ቁጥር ምነው ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ከዚህ ሰው ጋራ አንስማማም። ሮም ላይ ድካሙን የታገሠው፣ ቶኪዮ ላይ ቁስሉን ያስጠገገው ያው ሰው ነው፤ ሜክሲኮ ላይ የተሰማው ግን ሦስተኛው ዓይነት ሕመም ነበረ። ቢጠየቅስ ሊጠየቅ የሚገባው ለምን አቆመ ሳይሆን፣ እግሩ ሳይድን ለምን ተነሣ የሚለው ነበር። የአገር ተስፋ በአንድ ሰው ጅማት ላይ ሲንጠለጠል ያ ሰው አልችልም ለማለት ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያቅትም። ከሜክሲኮ ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በዚያች ቮልስዋገን ሲጓዝ አዲስ አበባን ከደብረ ብርሃን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ሸኖ አጠገብ መኪናዋ ተገለበጠች። አበበ በውስጧ ተይዞ አደረ፤ የተገኘው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሸኖ ብርዳም አገር ነው፤ የመጋቢት ሌሊትም ቢሆን አይምርም። በዚያ ሌሊት ውስጥ ምን እንዳሰበ ማንም ሊጽፍ አይችልም፤ እኛም አንሞክረውም። አከርካሪው ስለ ተጎዳ በመጀመሪያ ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዘውም። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ስቶክ ማንዴቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ተኝተው ሞትን እንዳይጠብቁ ብለው በ1940 ዓ.ም. በቀስት ውድድር የጀመሩት የስፖርት ጨዋታ ዛሬ ፓራሊምፒክ ለሚባለው መነሻ ሆኗል። አበበም በዚያ ቤት ልምምድን እንደ ገና ከፊደል ጀመረ። በእግሩ ዓለምን የዞረ ሰው አሁን ጋሪውን በእጁ መግፋት፣ ጀርባውን ማቅናት፣ ቀስት መሳብ ተማረ። ይህ ከማራቶን ልምምድ የሚለይበትን ነገር ፈልገን ብዙ አላገኘንም፤ ትንሽ መሥራት፣ ማረፍ፣ በማግሥቱ ትንሽ መጨመር ነው። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄዶ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ በተደረገ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አንደኛ ወጣ። ያደገው በውርጭ አገር ነውና ብርዱ እንግዳ አልሆነበትም ብንል አንባቢ አይቀየመንም።

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በተደረገው ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ስታዲየሙ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዚያ ጨዋታ ማሞ በማራቶን 3ኛ ወጣ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በዚያ አደጋ መዘዝ ደም በአንጎሉ ውስጥ ፈስሶ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆቻቸው ቀሩ። በአዲስ አበባ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ሸኘው። ማሞ ወልዴም በ1994 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ የተቀበረው እዚያው ነው።